«ከወሊድ የመጣ ነው» ተብሎ የሚተው ሕመም



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ እናቶች ቡና ላይ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ነው። ስታስል ሽንት የሚያመልጣት፣ ከሱጁድ ስትነሣ ልብሷ የሚረጥብ፣ ከቅዳሜ ገበያ ተሸክማ ስትመለስ ከሥሯ አንድ ነገር የወረደ የሚመስላት እናት አለች። በኢድ ቀን ወደ ሶላት ሜዳ የማትወጣው ለምን እንደሆነ ልጆቿም አያውቁም። ስትጠየቅ «ከወሊድ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል?» ትላለች። ብዙ ይደረጋል!

ፊኛን፣ ማሕፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ከሥር ደግፈው የያዙ ጡንቻዎች አሉ። ሐኪሞች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይሏቸዋል። እንደ አልጋ ጠፍር ናቸው፤ ሲላሉ በላያቸው ያለው ሁሉ ይረግባል። የሚያላላቸው የተራዘመ ምጥ፣ ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ከባድ ሸክም ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ አራስነቷን ሳትጨርስ ጀሪካን ያነሣች እናት ምን እንደተሸከመች ከዚህ አስሉት።

ታዲያ ወደ ሕክምና የሚኬደው መቼ ነው? ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ጡንቻው ቢላላ አያስደንቅም። አርባ ቀን አልፎም ሽንት፣ አየር ወይም ዓይነ ምድር የሚያመልጥ ከሆነ፣ ከሥር የመክበድ ስሜት ካለ፣ ግንኙነት የሚያሳምም ከሆነ መታየት ይገባል። ዐሥር ዓመት የቆየባትም ብትሆን «ጊዜው አለፈኝ» አትበል። አንድ ነገር ወጥቶ በእጅ የሚዳሰስ ከሆነ ወይም ሽንት አልወርድ ካለ ግን ሳትዘገይ ትሂድ። የወጣ ማሕፀን እንደ ደረጃው በስፖርት፣ ከሥር በሚደግፍ የጎማ ቀለበት ወይም በቀዶ ጥገና ይታከማል።

ከሁሉ የሚለየው ፌስቱላ ነው። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ሳይሰማት ቀንና ሌሊት የሚፈስባት ሴት ጡንቻዋ ላልቶ ብቻ አይደለም፤ በፊኛዋና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ በስፖርት አይደፈንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከደረሰች ግን ትንሽ ቀዳዳ ፊኛ ውስጥ በሚቆይ ቱቦ ብቻ ሊድን ይችላል። ከቱርሚ ወይም ከኦሞራቴ ማዶ ላለች ወላድ መንገዱ ሩቅ መሆኑ ይታወቃል፤ ቀን መቁጠር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ማእከሉ ይርጋለም ያለው ሲሆን ሕክምናው በነፃ ነው። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ሽንት መቆጣጠር የሚያቅታቸው ሴቶች አሉ። ቀዶ ጥገናው ከሸፈ ብለው ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ እንደገና መታየት አለባቸው፤ የጡንቻ ልምምድ ከሚያግዛቸው አንዱ ነውና።

ሶላትን በተመለከተ፣ የማይቆም ሽንት ያለባት ሴት ወቅቱ ሲገባ ታጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋ፣ ለእያንዳንዱ ፈርድ ዉዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፤ ሶላት አትተውም። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደሟ አልቆም ሲል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ቀርባ ጠይቃለች። ዑለማዎችም የሽንቱን ሕግ ያያያዙት ከዚያው የደም ሕግ ጋር ነው። እሷ ያልደበቀችውን እኛ ከነርስ እንደብቃለን! ይህ ማግራራት ዒባዳን ለማስቀጠል እንጂ ሕክምናን ለመተው እንዳልሆነ ይታወቅ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ሽንትና አየር የምንቋጥርበትን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ስቦ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። በአንድ ጊዜ ስምንት ያህል፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ይሠራል። ትንፋሽ አይያዝም፤ ሆድም አይገፋም። ሽንት እየሸኑ ማቋረጥን ልማድ ማድረግ ጥሩ አይደለም። በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ ጡንቻ ግን በሳምንት አይጠነክርም። ደግሞ ሁሉም ሴት ጡንቻዋ የላላ አይደለም። በሕመም ምክንያት የተኮማተረ ጡንቻ ያላት ሴት ይህን ብትሠራ ሊብስባት ይችላል፤ የሚያስፈልጋት ማላላትን መማር ነው። በባለሙያ መታየት የሚቀድመው ለዚህ ነው። ሽንት እንዳይመጣ ብሎ ውሃ መተውም አይበጅም፤ ሽንቱ ወፍሮ ፊኛን ያቃጥላል፣ ድርቀትም ያመጣል።

የጂንካ ነዋሪዎች ከጤና ጣቢያ ወይም ከጂንካ ሆስፒታል ይጀምሩ። ሴት ባለሙያ እንድታያችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት ሠልጥና የምታስተምር አዋላጅ ነርስ ካለች ጠይቁ፤ ከሌለችም የሪፈር ወረቀት ጠይቁ። ባሎች ሆይ፣ ለመሳፈሪያ ከመስጠት ጋር ጀሪካኑንም ተቀበሉ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ «ወገቤን ያመኛል» ብላችሁ አትመለሱ፤ ስንት ልጅ እንደወለዳችሁ፣ ምጡ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ሽንቱ መቼና ምን ስትሠሩ እንደሚያመልጥ ንገሩ። አፍ አልታዘዝ ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ መጻፍ ለማይችሉት ልጃቸው ወይም እህታቸው ትጻፍላቸው።