ኮምፒውተሩ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን
የሞተሩን ነዳጅና እሳት የሚያዘው ኢሲዩ፣ በጋራዥ አጠራር «ኮምፒውተሩ»፣ በእርግጥ የሚበላሸው ከሚጠረጠርበት እጅግ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሳይመረመር መቀየሩ የባለመኪናውን ገንዘብ ሜዳ ላይ መድፋት ነው። አስቀድሞ መታየት ያለባቸው ባትሪው፣ ፊውዙ፣ ሪሌዩና ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ ናቸው። የኮምፒውተሩ ሶኬት ሲነቀል ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘው ከተገኙ እርጥበት ገብቷል፤ አንዳንዴ ማጽዳቱ ብቻ መኪናውን ያስነሳዋል። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ያቃጠለው ነገር መገኘት አለበት፤ ሾርት ያደረገ ኮይል ወይም ኢንጀክተር እንዳለ ከተተወ ተተኪውንም ይዞት ይሄዳል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሲገዛ የሳጥኑና የሶኬቱ መመሳሰል አይበቃም፤ የቶዮታ ከሆነ በ89661 የሚጀምረው ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ መግጠም ይኖርበታል፤ የካምቢዮው ማኑዋል ወይም አውቶማቲክ መሆን ብቻ ቁጥሩን ሊለውጠው ይችላልና። ኢሞቢላይዘር (የስርቆት መከላከያ) ባለው መኪና ደግሞ ቁልፉ ከኮምፒውተሩ ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ነጋዴ ገዢውን በድሏል። ገጠማው ራሱ ቀላል ነው፦ ቁልፉ ይዘጋል፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፣ ሳጥኑ ይቀየራል፣ ባትሪው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ የስህተት ኮዶቹ በዲያግኖስቲክ ማሽን ተነብበው ይሰረዛሉ።