የሠርጉ ዲቪዲ ሲታመም



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ትኩሳት፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ጉልበት ሕመም ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ የማነሣው በሽተኛ ግን ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው ተኝቶ የሚገኘው። የሠርግ ዲቪዲ ማለቴ ነው።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ሐይቅ ከተማም ሆነ ወዲያ አምባሰል ውጫሌ፣ በብዙ ቤት የሟች አባት ድምፅ፣ የእናት ምርቃት፣ የአያት እስክስታ ተቀድቶ የሚገኘው በእነዚህ ክብ ነገሮች ላይ ነው። ፎቶግራፍ መልክን ይይዛል፤ ድምፅንና አካሄድን ግን አይዝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ባለፈ ጊዜ ሌላውን ንብረት ትተው ይህንኑ በነጠላ ጠቅልለው የወጡ እናቶች አውቃለሁ። ዕቃ ይተካል፤ ይኼ አይተካም።

የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ቤት ስላለው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እሱ ዘንድ እየተቀመጥሁ ብዙ አይቻለሁ። ጎረቤቶቼም «ሲስተር፣ ይኼ ነገር ሞተ እንዴ?» እያሉ ዲስካቸውን ያመጡልኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አብሽሩ፣ መጀመሪያ ያመመው የት እንደሆነ እንለይ።

የት ነው ያመመው?

ችግሩ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፤ በዲስኩ፣ በማጫወቻው ወይም ዲስኩ በተሠራበት መንገድ። ለመለየት ገንዘብ አይጠይቅም። እምቢ ያለውን ዲስክ ጎረቤት ወስዳችሁ በሌላ ማጫወቻ ሞክሩት፤ በእናንተ ማጫወቻ ደግሞ ደህና የሆነ ሌላ ዲስክ ክተቱ። ማጫወቻው ዲስክ ሁሉ እምቢ ካለ የታመመው እሱ ነው፤ ሌንሱ አቧራ ይዟል ወይም አርጅቷል። አንዱ ዲስክ በየሄደበት እምቢ ካለ ሕመሙ የዲስኩ ነው። አንዱ ጋ ሠርቶ ሌላው ጋ ካልሠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ዲስኩን ብርሃን ፊት አዘንብላችሁ ከሥሩ ተመልከቱት። የጣት ቅባት ወይም አቧራ ካለበት በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ ካስፈለገ ጨርቁን በውኃ ትንሽ አርጥቡት። ስትጠርጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብላችሁ ነው እንጂ እያዞራችሁ አይደለም። ምክንያት አለው። መረጃው የተጻፈው ከመሃል ጀምሮ እየተጠመዘዘ በሚሄድ መስመር ነው። ጭረት መስመሩን ቢያቋርጠው የሚጎዳው ጥቂት ስለሆነ ማጫወቻው የጎደለውን አስልቶ ይሞላዋል፤ መስመሩን ተከትሎ ከተጫረ ግን የሚጠፋው ብዙ ነው። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ እሱ ራሱ ስለሚፍቅ ተዉት። በላይኛው ፊትም በእስክሪብቶ ተጭናችሁ አትጻፉ፤ በተለይ በሲዲ መረጃው ያለው ከዚያው ከላዩ ልባስ ሥር ነው።

ቪዲዮ ቤት የተቀዳ ዲስክ ከፋብሪካ ከታተመው ይለያል። የእኛው የተጻፈው በስሱ በተቀባ ቀለም ላይ፣ በጨረር ነው። ቀለም ደግሞ ፀሐይና ሙቀት አይወድም። ስለዚህ መስኮት ዳርና ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ።

አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት የልጃቸውን ሠርግ ዲስክ ይዘው መጥተው ነበር። ሠርገኛው እስከሚጨፍርበት ድረስ ደህና ይሄድና ሟቹ ልጃቸውን ሊመርቁ ሲነሡ ይቆማል። ጠረግነው፤ በቤታቸው ማጫወቻ አሁንም ቆመ። በአንድ የቆየ ላፕቶፕ ብንሞክረው ግን እያዘገመም ቢሆን አነበበው፤ ወዲያው ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጥነው። አያቷ ከሞቱ በኋላ የተወለደች የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች። እናቲቱ ብዙ አላለቀሱም፤ «ድገሙልኝ» ብቻ አሉ። አንዱ ማጫወቻ ያቃተውን ሌላው ሊያነበው ይችላልና በአንድ ሙከራ ተስፋ ቆርጣችሁ አትጣሉ።

ዲስኩ ደህና ሆኖ እምቢ ሲል

አዲስና ንጹሕ ዲስክ በተቀዳበት ማሽን ላይ ብቻ ከሠራ አልተዘጋም ማለት ነው። ቀጂው መጨረሻ ላይ «ፋይናላይዝ» የሚባለውን ሥራ ዘሎታል። ወደ ቀዳው ሰው መልሱትና ይዝጋው፤ የጎደለው ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር እንዲህ ነው። ወጣቶቹ በስልክ የተነሣውን ፋይል እንዳለ ዲስክ ላይ ይገለብጡታል። ኮምፒውተር ይከፍተዋል፤ የአያት ቤት የቆየ ማጫወቻ ግን አያውቀውም። እሱ የሚፈልገው «ቪዲዮ ቲ ኤስ» የሚባል ማኅደር፣ በውስጡም ኤምፔግ 2 በሚባለው ዘዴ የተጨመቀ ምስል ነው። ፋይል መገልበጥና ዲቪዲ መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዲቪዲ ስታይለርን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ይሠራል።

ከአሜሪካ የተላከ ዲስክ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ወይም ከተንከባለለ አትደንግጡ። አገራችን የምትጠቀመው ፓል የሚባለውን ሥርዓት ነው፤ በሴኮንድ 25 ምስል፣ በቁመት 576 መስመር። የአሜሪካው ኤን ቲ ኤስ ሲ በሴኮንድ 30 ገደማ ምስልና 480 መስመር ነው። በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚለውን ፈልጋችሁ «አውቶ» ወይም «መልቲ» ላይ አድርጉት። ከሱቅ የተገዛ ፊልም ከሆነ ደግሞ የአካባቢ ቁልፍ ይኖረዋል፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። ዘመድ ቤቱ የቀዳው ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ ይህ ቁልፍ የለበትም።

ለምን ተበላሸ? ለምን ተዛባ?

«ሠርጉን በሙሉ በአንድ ዲስክ አድርግልኝ» የሚሉ አሉ። አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው። ለሁለት ሰዓት ሲሆን በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፤ ጥሩ ነው። አራት ሰዓት ስትጭኑበት ግን ወደ 2.5 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጭፈራው ላይ ምስሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል። በእንጀራ እንደ መሰላችሁ ቁጠሩት፤ ለአራት ሰው የተጋገረ ለስምንት ሲካፈል ይሳሳል። ለሁለት ዲስክ አካፍሉት። በተቃራኒው እጅግ ከፍ ብሎ ለወሰኑ ለ9.8 ሜጋቢት የተጠጋ ምስል ደግሞ የቆየ ማጫወቻን ያንቀረፍፈዋል፤ ከ8 ባይበልጥ ይሻላል።

ድምፁ ከከንፈር ጋር ካልገጠመ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እያደገ ይሄዳል? እኩል ከሆነ ድምፁን ወደፊት ወይም ወደኋላ በመግፋት ይስተካከላል። እያደገ ከሄደ ብዙ ጊዜ ምንጩ ስልክ ነው። ስልክ በሴኮንድ የሚያነሣው የምስል ብዛት አንዳንዴ ከፍ አንዳንዴ ዝቅ ይላል፤ ዲቪዲ የሚሠራው ፕሮግራም ግን እኩል ነው ብሎ ይቆጥራል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቋሚ 25 አድርጎ መለወጥ ነው። ድምፁም ለዲቪዲ 48 ኪሎኸርትዝ ይሁን።

የሙሽራዋ ፊት ወደ ጎን ከተለጠጠ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። በ4 ለ3 የተነሣው በ16 ለ9 ተሰይሟል፤ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ወይም በፕሮግራሙ ማስተካከያ ይመለሳል።

ፕሮግራሙ መሃል ላይ ስሕተት እያለ ካቆመ ሦስት ነገር እዩ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ቢያንስ 10 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ? የፋይሉ ስም በአማርኛ ፊደል ነው? አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ፊደላችንን አያነቡምና በላቲን ፊደል አጭር ስም ስጡት። መብራትስ ይጠፋ ይሆን? ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ፤ በመቅዳት ላይ እያለ የተቋረጠ ዲስክ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉት፤ በ4 ወይም በ8 እጥፍ መቅዳት ይበቃል።

ወደ ፍላሽ ስናሻግር

ማጫወቻው ሲጠፋ ዲስኩም ይሞታል። የቪዲዮ ክሩን ታሪክ አስታውሱ፤ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ዴክ መሥራት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ክር ያላችሁ ዴክ የሚሠራላችሁ ሰው ሳይጠፋ አስገልብጡ፤ ሻጋታ ያለበትን ግን ሳይጸዳ ዴክ ውስጥ አትክተቱ፣ ዴኩንም ሌላውንም ክር ያበላሻል።

ዲቪዲን ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ «ፊልሙ ለምን አራት ቦታ ተከፈለ?» ይላሉ። ዲቪዲ ፋይሉን 1 ጊጋባይት በማይሞላ ክፍል እየቆራረጠ ነው የሚያስቀምጠው፤ አልጠፋባችሁም። ፋት 32 በሚባለው የተዘጋጀ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም፤ ፍላሹ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቴሌቪዥኑ የድምፁን ዓይነት አያውቀውም። በኤም ፒ ፎር፣ ምስሉን በኤች 264፣ ድምፁን በኤ ኤ ሲ አድርጋችሁ ብትለውጡት አብዛኛው ቴሌቪዥንና ስልክ ይከፍተዋል። የድሮው ቪሲዲ «ዳት» የሚል ፋይል ካሳያችሁም ቪ ኤል ሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ይከፈታል።

ሲጨርሱ አጀማመሩን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ሳታዩ «ተገልብጧል» አትበሉ። እኛ ነርሶች መድኃኒት ሰጥተን ዝም አንልም፤ ታካሚውን ተመልሰን እናያለን።

ከዚያ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱም ከቤት ውጭ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ ቁጥር 1832 ተሰጥቶታል፤ ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይገኛል። እኛም ያንዱን ቅጂ ደሴ ላለው ልጅ፣ ያንዱን አዲስ አበባ ላለችው ብንሰጥ ውኃም እሳትም አንድ ጊዜ አይወስደውም። ይፋ በሆነ ቦታ ለሁሉም መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሠርጉም የሐዘኑም ቪዲዮ ብዙ ሰው አለበትና ቤተሰቡ ይመካከር።

እስከሚቀጥለው ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። መሳቢያውን ክፈቱ፣ በየዲስኩ ላይ ማን እንዳለበትና መቼ እንደተቀዳ በወረቀት ጻፉ፤ በሕይወት የሌሉት ያሉበትን ለዩና ከእሱ ጀምሩ። የልጅ ልጆቻችሁን ጥሩ፤ ኮምፒውተሩን እነሱ ይዙላችሁ፣ እናንተ ደግሞ «ይህቺ ማን ናት?» ሲሏችሁ ንገሯቸው። ያን የሚያውቅ ፕሮግራም የለም።

ደህና ሰንብቱ።