ለቅሶ ደርሶ መመለስ የማይቻልበት ቪዛ

ከአፐር አርሊንግተን፣ ኦሃዮ

በዚህ ገጽ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጦርነቱና ስለ አገዛዙ ነው። ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው በስብሰባዎቻችን አጀንዳ ሆኖ የማያውቅ፣ ነገር ግን በሁላችንም ቤት ያለ ጉዳይ ነው። ወላጆቻችን እኛን ሊጠይቁ ሲመጡ ስለሚሰጣቸው ቪዛ ነው።

ከራሴ ቤት ልጀምር። እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደለስ፣ ከዚያ አውሮፕላን ቀይራ ኮሎምበስ ገባች። ሴት ልጅ ነበረችና ክርስትናው በ80 ቀን ነው። ሁለተኛው ወር ሳይጋመስ ከደብረ ማርቆስ ስልክ ተደወለ፤ ወንድሟ አርፏል። የኮሎምበስን ወገኖች ሰብስበን፣ እንደ አገራችን ወግ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ነገርናት። ጭር ባለው መንገዳችን ላይ መኪና ተደረደረ። ፊት ለፊት ያለችው አሜሪካዊት ጎረቤታችን ምን እንደሆነ ጠይቃ ተረዳች፤ ከሰዓት በኋላ ምግብ ይዛ መጣች።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ጠራችኝ።

«ሄጄ ከሰው ጋር አልቅሼ፣ ለክርስትናው ልመለስ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ከወጣሽ መመለስ የለም» አልኳት።

«እንዴ! ስድስት ወር ተሰጥቶሻል ብላችሁኝ የለም ወይ?»

ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ላስረዳ። ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ቪዛ የሚነግረን እስከ መቼ ድረስ በሩን ማንኳኳት እንደሚቻል ነው። እዚህ የሚቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው ግን ሲገቡ የሚቀበላቸው የድንበር መኮንን ነው። አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፤ ለጠያቂ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ከናይጄሪያ፣ ከጋናና ከካሜሩን ጋር ወደ ሦስት ወርና ወደ አንድ መግቢያ አወረደው። እናት በሦስቱ ወር ውስጥ ከገባች ስድስት ወር ልትቆይ ትችላለች። የተወሰደባት ደርሶ መመለስ ነው። አንዴ ከወጣች እንደገና ቅጽ፣ እንደገና 185 ዶላር፣ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ቃለ መጠይቅ። ዶላሩ ቢከለከሉም አይመለስም። ብር በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያው 185 ዶላር በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

በዚያው ዓመት መስከረም 2 ቀን ከ79 ዓመት በላይ የሆናቸው አረጋውያን ከቃለ መጠይቅ ነፃ የሚሆኑበት አሠራር ተነሳ። ስለዚህ የ80 ዓመት አዛውንት ከደብረ ማርቆስ ተነስተው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ሽሮ ሜዳ መሰለፍ አለባቸው። ያውም ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ባለበት፣ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ጊዜ። «ታዲያ እናንተ ለምን አትሄዱም?» ለሚለን ሰው መልሱ ይኸው ነው። ቢጫ ካርዱ ቦሌ ያስገባን ይሆናል፤ ደብረ ማርቆስ ግን አያደርሰንም።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ያለው የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 214(ለ) ለጉብኝት የሚያመለክተውን ሁሉ፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር የመጣ ነው ብሎ ይገምታል። «ወደ አገርሽ የሚመልስሽ ምን አለሽ?» ነው ጥያቄው። የእኛ እናቶች መልስ እድራቸው፣ ማኅበራቸው፣ ደብራቸው፣ የወንድም የእህታቸው ለቅሶ ነው። ይህን የሚያሳይ የባንክ ደብተር የለም። ይኸው የእናቴ ወንድም ሞተ፤ ተነስታ ልትሄድ አለች። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይኖራል? ሕጉ ግን አገርሽ እንደሚስብሽ አሳዪኝ እያለ፣ አገሯ ሲስባት በሩን ከኋላዋ ይዘጋባታል። ስለዚህ ቀረች። ሰው እንዳይቀር ተብሎ የወጣው ደንብ፣ መሄድ የፈለገችውን ሴት አስቀራት። ደርሶ መመለስ የሚችል ሰው ይሄዳል፤ ከወጣ የማይመለስ ሰው እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ይቀመጣል።

የራሳችንንም ጥፋት አንደብቅ። ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ የሚቀሩ ወገኖች አሉ። ብዙዎቹ ምን እንደገፋቸው አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያሳለፈ ለአሥር ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ቆጠራውም በየአገሩ ተለይቶ ይታተማል። የእኛ ስም በተቆጠረ ቁጥር ዕዳውን የምትከፍለው መስኮቱ ፊት የምትቆመው የሌላ ሰው እናት ናት።

«ግሪን ካርድ አውጡላቸው» የሚሉም አሉ። በጥር 2026 አሜሪካ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ማቆሟን ስታስታውቅ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። ያ ባይሆንም እንኳ ብዙዎቹ ወላጆቻችን ግሪን ካርድ አልጠየቁንም። የሚፈልጉት መጥቶ ልጅ ስሞ ወደ ቤታቸው መመለስ ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። ካናዳ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ለወላጆችና ለአያቶች ሱፐር ቪዛ የሚባል አላት። እስከ አሥር ዓመት የሚያገለግል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ነው። ከሐምሌ 2022 ወዲህ ደግሞ በአንድ መግቢያ እስከ አምስት ዓመት ያስቆያል። በምትኩ ልጅ በቂ ገቢ እንዳለው ያሳያል፤ ቢያንስ የ100 ሺሕ የካናዳ ዶላር የጤና መድንም ይገዛል። በአሜሪካም ቢሆን የቤተሰብ ጉብኝት ቪዛ የሚያቋቁም ረቂቅ ሕግ በ2021 እና እንደገና በ2023 ለኮንግረስ ቀርቦ ነበር። ዘመድ ወጪውን እንደሚሸፍን ይፈርማል፣ የጉዞ መድን ይገባል፣ ጠያቂው እስከ 90 ቀን ይቆያል የሚል ነው። አልጸደቀም። ከኋላው ሆነው ሲገፉት ከነበሩት መካከል ኢራናውያን አሜሪካውያን ይገኙበታል። እኛስ የት ነበርን?

አንችልም እንዳንል፣ ኤችአር 2003 የተባለውን ረቂቅ ከዶናልድ ፔይን ጋር ሆነን ጥቅምት 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፍነው እኛው ነን። ሴኔት ላይ ቢቀርም የምክር ቤት አባላትን ቢሮ በር ማንኳኳት ያን ጊዜ ተምረናል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

አዲስ አበባ ያለውንም አገዛዝ አንድ ነገር እንጠይቀው። ከእኛ ጋር በአንድ ቀን የተቀነሰባት ጋና በመስከረም 2025 የአምስት ዓመት ቪዛዋን አስመልሳለች። በዚያው ወር ከአሜሪካ የሚባረሩ የሌሎች አገሮች ሰዎችን መቀበሏ መነገሩን አልዘነጋሁም፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ይከፈል አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የእኛዎቹ ለእናቶቻችን ምን ጠየቁ? ጠይቀው ከሆነ ይንገሩን፤ ካልጠየቁ ዶላር ላኩ ለማለት የሚፈጥኑትን ያህል ለዚህም ይፍጠኑ።

ከእኛ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። እያንዳንዳችን በየምንኖርበት ወረዳ ላለው የኮንግረስ አባል ሁለት ነገር እንጻፍ። አንደኛ፣ ለወላጆች ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ ይመለስ። ሁለተኛ፣ የቤተሰብ ጉብኝት ረቂቁ እንደገና ይቅረብ። የጠራናቸውን ወላጆች ደግሞ በቀናቸው እንሸኝ።

እናቴ ክርስትናውን አይታ፣ ቀኗ ሳይደርስ ሄደች። ደብረ ማርቆስ ስትደርስ አርባው አልፎ ነበር። መቃብሩ ላይ ብቻዋን አለቀሰች። እንደነገረችኝ፣ «ለምን ዘገየሽ?» ላሏት ሁሉ «የልጅ ልጅ ይዞኝ ነው» ብላ መለሰች። ሕጉን ለማስረዳት አልሞከረችም።

ቸር ወሬ ያሰማን።