አያት አፍ ብቻ አይደለችም

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለ75 ሀገሮች ዜጎች የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ መስጠት እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። ውሳኔው ለጉብኝት የሚሄደውን ሰው አይነካም። ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊሄድ የተዘጋጀውን አባት ወይም እናት ግን ይነካል። የተሰጠው ምክንያት ከእነዚህ ሀገሮች የሚሄዱ ሰዎች የመንግሥት ድጎማ ጥገኛ ይሆናሉ የሚል ሥጋት ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በቢቸናና በሞጣ ልጆቻቸው «ፕሮሰስ ጀምረንላችኋል» ያሏቸው ወላጆች ታዲያ አንድ ነገር ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም፤ ልጃችን ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ለምን ነበር?

ይህ ሥጋት እንዳይደርስ ተብሎ የተበጀ ሕግ ድሮም አለ። ወላጁን ወደ አሜሪካ መውሰድ የሚችለው 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። በዲቪ ሄዶ ግሪን ካርድ የያዘ ልጅ ዜግነት ለመጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ዜግነቱን ካገኘ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ አይ-864 በሚባለው ፎርም ላይ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ የድጋፍ ቃል ያስፈርመዋል። ገቢው መንግሥት ካሰመረው የድህነት መስመር ቢያንስ በ25 በመቶ መብለጥ አለበት፤ መስመሩም የሚሰላው በቤተሰብ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው ስሌት፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር የሚኖሩበት ቤት ሁለት ወላጆች ሲጨመሩበት 53,937 ዶላር ገደማ የዓመት ገቢ ማሳየት ይጠበቅበታል። ያልሞላለት ሌላ ሰው ደርቦ ያስፈርማል፤ አለዚያም የጎደለውን አምስት እጥፍ የሚያህል ንብረት ያቀርባል። አራት ሺህ ዶላር የጎደለው ሰው ሃያ ሺህ የሚያወጣ ንብረት ማሳየት አለበት ማለት ነው።

ፊርማው በቀላሉ አይወርድም። የሚያበቃው ወላጁ ዜጋ ሲሆን፣ አሥር ዓመት ያህል የሥራ ጊዜ ሲቆጠርለት፣ ነዋሪነቱን ትቶ ሲወጣ ወይም ሲሞት ነው። ልጁ ቃሉን ካጠፈ ወላጁ ራሱ ሊከሰው ይችላል። በዚያው በ1996 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ አዲስ ገቢውን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከአብዛኞቹ የፌዴራል ድጎማዎች አግዶታል። ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን የጤና መድን ከፍሎ ለመግዛት እንኳ 65 ዓመት የሞላው ሰው አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር አለበት። እንግዲህ በሩ በዚህ ሁሉ መቀርቀሪያ ተጠብቆ ሳለ ነው «ሸክም ትሆናላችሁ» ተብሎ የተዘጋው።

ይህ ጋዜጣ ልጅ ለወላጁ ዋስ ይሁን መባሉን አይቃወምም። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጧሪ ቀባሪ የሚባለው ልጅ ነው። ባህሉ ብቻም አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ አንዳቸው ለሌላቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በእኛም ሀገር የተቸገረ አባት ልጁን ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ አለካኩ ላይ ነው። የእኛ ሕግ የተቀባዩን ችግርና የሰጪውን አቅም አይቶ ይወስናል። የእነሱ መስመር ግን ከአላስካና ከሃዋይ በቀር ለሁሉም ግዛት አንድ ነው፤ የቤት ኪራይ ደመወዝ በሚጨርስበት በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውንና ኑሮ በረከሰበት ትንሽ ከተማ ያለውን በአንድ ቁጥር ይመዝናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁን ተቃውሞ የተነሣው የጎጃም ገበሬ ገቢዬን ሌላ ሰው አይገምትብኝም ያለ ሰው ነበር። የልጅ ልጁ ዛሬ የታክስ ወረቀቱንና የደመወዝ ማስረጃውን ደርድሮ፣ ይበቃል አይበቃም እስኪባል ድረስ በጸጥታ ይጠብቃል። ጊዜ እንዲህ ያደርጋል።

አቋማችን ይህ ነው፦ ዋስትናው ተገቢ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን ትክክል አይደለም፤ የተጠየቀውን ዋስትና ለሚያሟላ ሰው በሩን መዝጋት ደግሞ በራስ ሕግ ላይ ማመፅ ነው።

ስለ አቆጣጠሩ እንናገር። በፎርሙ ላይ እናት የምትገባው በተመጋቢዎች ቁጥር ውስጥ ነው። አንድ አፍ ተጨመረ፣ ስለዚህ ገቢው በዚህን ያህል ይደግ ይባላል። ከዚህ የሚሄዱ ብዙ እናቶች ግን መጀመሪያ የሚፈለጉት አራስ እንዲያርሱ ነው። ገንፎውን የምታገነፋው፣ ሕፃኑን የምታጥበው፣ ልጅቷ ወደ ማታ ፈረቃዋ ስትመለስ ከሕፃኑ ጋር የምታድረው አያቲቱ ናት። የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ከቤት ኪራይ ጋር በሚፎካከርበት ሀገር ይህ ሥራ ገንዘብ ነው። ሞግዚት ቢቀጠርበት ደመወዝ ይከፈልበታል፣ ግብርም ይቆረጥበታል። አያት ስትሠራው ግን በየትኛውም ሣጥን ውስጥ አይጻፍም። ሕፃናቱን ለመጠበቅ ሲል ከባልና ሚስቱ አንዱ ሥራ ያቆመበት ቤት፣ አያቲቱ ብትመጣ ገቢው ከመስመሩ በላይ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ከመስመሩ በታች ስለሆነ አያቲቱ አትመጣም። ሕጉ የሚፈልገውን ገቢ ራሱ ሕጉ ያስቀረዋል።

ሁለተኛው ጉድለት መሬት ነው። ይህ ከጎጃም ገበሬ በቀር ለማንም ቶሎ የሚታይ አይመስለንም። ፎርሙ የወላጁ የራሱ ንብረት ለማሟያ እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ንብረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል መሆን አለበት። በጎዛምን ወይም በማቻከል አራት ጥማድ መሬት ያለው፣ ፎቶው ከሚስቱ ፎቶ ጋር በአረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የተለጠፈለት ገበሬ ዕድሜ ልኩን ማንንም ሳይለምን የኖረው በዚያ መሬት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ግን መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ያከራየዋል፣ ያወርሰዋል፣ ለልጁ በስጦታ ያስተላልፈዋል፤ ሊሸጠው አይችልም። ስለዚህ በፎርሙ ዓይን ይህ ሰው ባዶ እጁን ነው። ዋጋ የሚኖራቸው በሬው፣ ባሕር ዛፉና የቆርቆሮ ቤቱ ብቻ ይሆናሉ። መሬት የሚያስገኘው የኪራይ ገቢ ወይም እህል በማስረጃ ቢቀርብ የማይታይበት ምክንያት የለም።

ሌሎቹ ሀገሮች ከዚህ አይሻሉም፤ አንዳንዶቹ ይብሳሉ። ካናዳ ከዝቅተኛ ገቢ መስመሯ በ30 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት እንዲታይ ትጠይቃለች፣ ዋሱንም ከኩቤክ በስተቀር ለ20 ዓመት ታስፈርማለች። ይህን ሁሉ አሟላለሁ ከሚሉትም እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የስም ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ፣ በተከታዮቹ ዓመታት የጠራችው ያን ጊዜ የተመዘገቡትን ነው። አውስትራሊያ በፍጥነት ለሚሄደው የወላጅ ቪዛ በነፍስ ወከፍ ከአርባ ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ታስከፍላለች፤ ርካሹን የመረጠ ወላጅ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይጠብቅ ተብሏል፤ ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው ይህ መልስ ስድብ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2012 ወዲህ ወላጁ ያለ ሰው እርዳታ መልበስና መታጠብ የማይችል መሆን አለበት ትላለች፤ ያም ሆኖ በሀገሩ ተከፍሎት የሚረዳው ሰው እንደማይገኝ መረጋገጥ አለበት። ለመሄድ የበቃ አይፈቀድለትም፣ የሚፈቀድለት ለመሄድ አይበቃም።

ከእነዚህ ሁሉ መልካም ሆኖ ያገኘነው ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረችውን ሱፐር ቪዛ ነው። ወላጅ ጠቅልሎ ሳይሄድ፣ ሀገሩንና ዕድሩን ሳይተው፣ በአንድ ጉዞ እስከ አምስት ዓመት ከልጁ ጋር ይቀመጣል። ልጁ የገቢ ማስረጃ ያቀርባል፤ ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር ሽፋን ያለው የግል የጤና መድንም ይገዛል። መድኑ ውድ ነው፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ላለበት አዛውንት ደግሞ ይብሳል። ቢሆንም አሠራሩ ከወላጆቻችን ፍላጎት ጋር ይገጥማል። ብዙዎቹ እኮ ልጃቸውን ማየት፣ የልጅ ልጃቸውን መሳም፣ ከዚያ ለፍልሰታ ቤታቸው መገኘት ነው የሚፈልጉት። ዋሽንግተንም እንዲህ ያለ መንገድ ብትከፍት የምትፈራው ሸክም በመድን ይያዝላታል፤ የጉብኝት ቪዛ ስለተከለከለ ብቻ ግሪን ካርድ የሚጠየቅለት አዛውንትም ይቀንሳል።

የራሳችንን ቤት ሳናይ የሰውን ብቻ ብንወቅስ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው የጎጃም ሰው፣ ማለት ዛሬ ወላጁን ሊወስድ የሚሞክረው ሁሉ፣ የልደት ወረቀቱ የሚወጣው በኋላ በምስክር ነው። እናቲቱ በቤት ስሟ ትጠራለች፣ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ሌላ ስም አላት፣ በመሬት ደብተሩ ላይ ፊደሉ ተለውጧል፣ ልጁ ከዓመታት በፊት የዲቪ ፎርም ሲሞላ ደግሞ በእንግሊዝኛ በመሰለው መንገድ ጽፎታል። ቆንስላው ፊት እናትነት የሚያጠራጥረው እንዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዘረመል ምርመራ ይጠየቃል፣ ወጪውም በልጁ ላይ ይጨመራል። አንድን የፊደል ስሕተት ለማረም ባለጉዳይን ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን የሚያመላልስ ጽሕፈት ቤት ከፎርሙ የተሻለ ርኅራኄ አለው ልንል አንችልም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ሁሉን አወሳስቦታል። ለወራት ኢንተርኔት በተቋረጠበት ከተማ ልጅ የላከውን ፎርም ማን ያነባል? መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ቃለ መጠይቅ የደረሳቸው አዛውንት የዓባይን በረሃ እንዴት ይሻገራሉ? ጠመንጃ የያዙ ወገኖች ሁሉ የደጀንን መንገድ ለሕሙማንና ለባለጉዳይ አዛውንቶች ክፍት ማድረግ አለባቸው። ለዚህ ምንም ድርድር አያስፈልግም።

ለቤተሰቦችም የምንለው አለን። የአሜሪካ ዜጋ ለወላጁ የሚያስገኘው ቪዛ ሌላ ሰው አያስከትልም። እናት አሥራ አራት ዓመት የሆነው የመጨረሻ ልጅ ቢኖራት እሷ ትሄዳለች፣ እሱ ይቀራል፤ በወንድም ወይም በእህት ስም የሚደረገው ጥያቄ ተራ ከአሥር ዓመት በላይ ያስጠብቃል። ይህ ጉዳይ መነጋገሪያ መሆን ያለበት ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት እንጂ አዲስ አበባ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲደረስ አይደለም። ደርቦ እንዲፈርም የሚለመን የአክስት ልጅም የሚፈርመው የማኅበር ዋስትና አለመሆኑን ይወቅ፤ ሚስቱን ቢፈታ፣ ሥራ ቢያጣ፣ ከዘመዱ ቢጣላ እንኳ ዕዳው ከላዩ አይወርድም።

ከሁሉም በላይ፣ ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሳይመታ ማንም በሬውን አይሽጥ፣ ባሕር ዛፉን አያስቆርጥ፣ መሬቱን ለሌላ አያስተላልፍ። ግሪን ካርድ ዜግነት አይለውጥም፤ ስለዚህ በዜግነት ምክንያት ይዞታ አይነጠቅም። ሆኖም በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ባለይዞታ ከቀበሌው ለረጅም ጊዜ ሲርቅ መብቱ ጥያቄ ውስጥ የሚገባበት ሁኔታ አለ። ልጁን ሊጠይቅ ሄዶ ሁለት ሦስት ዓመት የቆየ አባት በየትኛው ወገን እንደሚመደብ ገበሬው በግልጽ አያውቅም፤ የቀበሌው ኮሚቴም እንደየሰዉ ይተረጉመዋል። የክልሉ መሬት ቢሮ መሬቱን በሕጋዊ ውል አከራይቶ የሄደ አዛውንት ይዞታው እንደማይነካ በጽሑፍ ለየወረዳው ሊያሳውቅ ይገባል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን ደግሞ ዋሽንግተንን ቢያንስ ይህን አንድ ነገር ይጠይቅልን፦ ልጃቸው ሕጉ ያዘዘውን ገቢ አሳይቶ የፈረመላቸው ወላጆች ከእገዳው ወጥተው ጉዳያቸው በየግላቸው ይታይ።