ውኃው በየት ይውጣ?

በዚህ ሳምንት ስለ ፖለቲካ አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ አንድ ቦይ ነው። «ጋዜጠኛው ርእስ አለቀበት» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ቤዝመንት ያለው ቤት የገዛ፣ ወይም በሰው ቤዝመንት ተከራይቶ የሚኖር ወገን እስከ መጨረሻው ቢያነበኝ አይከስርም። በዚህ አካባቢ ካለነው መካከል ከሁለቱ ውጭ የሆነ ስንት ሰው አለ?

ሀያትስቪል የገዛነው ቤት የጡብ ቤት ነው፤ ዕድሜው ከእኔና ከባለቤቴ ዕድሜ ድምር ይበልጣል። የቆመው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ቤዝመንቱ በጓሮ በኩል ከመሬት እኩል በር አለው፤ በዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ ግን አፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። ይህንኑ ግድግዳ ተጠግቶ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ክፍት ቦይ ነበር። ማን እንደቆፈረው፣ ለምን እንደቆፈረው አልጠየቅሁም። ለእኔ የታየኝ ቅጠል የሚጠራቀምበት፣ ልጅ የሚወድቅበት፣ እንግዳ የሚታዘበው ጉድጓድ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዤ ወጣሁ። ከጓሮው ጥግ አፈር ዛቅሁና ሞላሁት፤ በእግሬ ረጋገጥኩት፤ በላዩም አበባ ተከልኩበት። ፎቶ አንሥቼ ለእናቴ ላክሁላት።

እናቴ መጣች። ደረጃ ስለማይስማማት ማረፊያዋ ቤዝመንቱ ሆነ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከባድ ዝናብ እንደጣለ አንድ ጠዋት፣ «ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ለምን ያልበዋል?» አለችኝ። ሄጄ ባየው በእርግጥም አልቦታል። ቀለሙ ተነፋፍቷል፣ ከሥሩ ነጭ ጨው መሳይ ነገር ወጥቷል፣ ክፍሉም የሻገተ ነገር ይሸታል። እኔም እንደ ብልህ ሰው ከውስጥ በኩል አዲስ ቀለም ቀባሁ። በወሩ ተላጠ። እርጥበት የሚስብ ማሽን ገዛሁ፤ ባልዲው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል። በዚህ መካከል የእናቴ አስም ተነሣ። ሌሊት ሌሊት ሳሏን ከላይ ሆኜ እሰማ ነበር።

ያዳነን አንድ የቡና ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ለብዙ ዓመታት የግንባታ ፎርማን የነበሩ፣ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው እናቴን «እንኳን ደኅና መጣሽ» ሊሏት መጥተው ነበር። አቦሉን ሳይጨርሱ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱና ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ።

«እዚህ ላይ ቦይ ነበረ። ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ውኃውስ በየት ይውጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ያመጣሁት ዲግሪ ላይኛው ፎቅ በደረቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳገቱ የሚወርደው ውኃ ቀድሞ ቦዩ ውስጥ ይገባና ወደ ጓሮው ይፈስ ነበር። እኔ የሞላሁበት አፈር ደግሞ እንደ አገራችን ዋልካ ውኃ ይዞ የማይለቅ ሸክላ ነው። በዚህ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ክርስቲያናና ማርልቦሮ የሚባሉ የሸክላ አፈሮች አሉ፤ ለመሐንዲሶች የታወቁ አስቸጋሪዎች ናቸው። እንዲህ ያለ አፈር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጡቡ እንጀራ ወጥ እንደሚስብ ውኃውን ይስባል። ይባስ ብሎ አዲስ የተሞላ አፈር ሲውል ሲያድር ይሰምጥና ሳህን ይሠራል። የእኔ አበባ የተተከለው እንግዲህ ሳህን ውስጥ ነበር።

ጋሼ የመጀመሪያውን አካፋ ከማንሣታችን በፊት ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛው 811 መደወል ነው። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ከጥቂት የሥራ ቀን በኋላ ሰዎች መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ያመለክታሉ። ቢጫው ጋዝ፣ ቀዩ ኤሌክትሪክ፣ ሰማያዊው የመጠጥ ውኃ ነው። ሁለተኛው አሸንዳውን ማየት ነው። የጣሪያው ውኃ በሙሉ በቱቦ ወርዶ ግድግዳው ሥር ይፈስ ኖሯል። በጥቂት ዶላር ማራዘሚያ ገዝተን ከቤቱ ስድስት ጫማ አራቅነው። ብዙ ቤት ከዚህ ሌላ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ከዚያ አፈሩን መልሰን አወጣን። ከቤቱ መሠረት በታች ግን አልወረድንም፤ መሠረቱ ሥር መቆፈር ቤቱን ማናጋት ነው። ደረት የሚያክል ጥልቅ ጉድጓድም ግንቡ ሊናድ ስለሚችል የባለሙያ ሥራ ነው። ግድግዳው ለጥቂት ሳምንታት አየር እንዲያገኝ ተውነው፣ የተቦረቦረውን መገጣጠሚያ በኖራ ሞላን፣ ሲደርቅም ከአፈር በታች የሚሆነውን ክፍል ውኃ በማያስገባ ቅብ ቀባን።

ቦዩን ውኃ በሚያሳልፍና አፈር በማያሳልፍ ጨርቅ አለበስነው። ከታች የታጠበ ጠጠር፣ በላዩ ቀዳዳው ወደ ታች የዞረ ቱቦ፣ በእሱም ላይ እንደገና ጠጠር አድርገን ጨርቁን ከላይ ከደንነው። ቱቦው በየስምንት ጫማው አንድ ኢንች ያህል እያዘቀዘቀ ጓሮ ወጥቶ ያበቃል፤ ወደ ጎረቤት ግቢ አይደለም። መውጫ የሌለው የጠጠር ቦይ ገንዳ ነው፤ ባይሠራ ይሻላል። በመጨረሻ ላዩ ላይ ጥቂት አፈር አለበስን። ደንቡ መሬቱ ከቤቱ እየራቀ በአሥር ጫማ ውስጥ ስድስት ኢንች ዝቅ ይበል ይላል። በእኛ በኩል ዳገት ስለሆነ ይህ አልተቻለም፤ በምትኩ ዝናቡን ወደ ጎን የሚመራ ጎድጎድ ያለ መስመር አበጀን። አበባውም ከግድግዳው ራቀ።

ይህን ዓይነት ቦይ አሜሪካኖች «ፍሬንች ድሬን» ይሉታል። ፈረንሳዮችን አታመስግኑ። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ እርሻ ውኃ ማፍሰሻ መጽሐፍ ካሳተመው አሜሪካዊ ዳኛ ከሄንሪ ፍላግ ፍሬንች ነው። ዋሽንግተን በሊንከን መታሰቢያ ውስጥ የተቀመጠውን ትልቁን የሊንከን ሐውልት የነደፈው ልጁ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የልጁን ሥራ እንጎበኛለን፤ የአባቱ እግራችን ሥር ተቀብሯል።

እየቆፈርን ሳለ ጋሼ፣ «ላሊበላ ሄደህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ሄጃለሁ። ዓይኔ ያየው ግን ሕንፃዎቹን ነው፤ ቦዮቹን አላስተዋልኩም። ከቋጥኝ የፈለፈሏቸው ሰዎች የክረምቱ ዝናብ መውጫ እንዲኖረው አብረው ቦይ ጠርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ዩኔስኮ እንደሚለው፣ እነዚያ ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ቆይተው የተጠረጉት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም አናግቷቸዋል። በዚህም ምክንያት ውኃ ሕንፃዎቹን ክፉኛ ጎድቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አንዳንዶቹ የብረት መጠለያ ተሠራላቸው። የላሊበላን ድንጋይ ያልማረ ውኃ የእኔን ጡብ እንዴት ይምራል?

ቤዝመንት ለምታከራዩ ወገኖቼ አንድ ቃል ልጨምር። ተከራያችሁ «ግድግዳው ያልበዋል» ሲል ቀለም ይዛችሁ አትሩጡ፤ ወደ ውጭ ውጡና ውኃው በየት እንደሚወጣ እዩ። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚተኛው የሰው ልጅ ነው።

የእኛ ግድግዳ እስኪደርቅ ወራት ፈጀ። ዛሬ ክፍሉ ደረቅ ነው፤ ማሽኑም ጠፍቷል። እናቴ ግን ያን ሳታይ አገሯ ገብታለች። በየእሑዱ ስደውልላት ከሰላምታው ቀጥላ፣ «ግድግዳው ላቡን ተወ?» ትለኛለች። «ተወ እማዬ፣ ነይና እዪው» እላታለሁ። «እስቲ እግዜር ያውቃል» ትላለች።

ቸር እንሰንብት።