4ጂው ሙሉ ነው፤ ድምፁ ለምን ይቆራረጣል?

«ሄሎ... ሄሎ... ይሰማል?» ስልካችን ላይ 4ጂ ሙሉ ነው፣ ቲክቶክም ሳይቆም ይሠራል። ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለችው እህታችን በኢሞ ስትደውል ግን ድምፁዋ ይቆራረጣል። «ኔትዎርኩ ደካማ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ፍጥነት ሳይሆን ወረፋ ነው።

ቪዲዮ ቀጣዩን ክፍል ቀድሞ ስልኩ ላይ ስለሚያጠራቅም ኔትዎርኩ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይም አይታወቀንም። ንግግር ይህ ዕድል የለውም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከተናጋሪው አድማጩ ጋር እስኪደርስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። መዘግየቱ ሲበዛ «አንተ ተናገር፣ አይ አንቺ» መባባል ይጀመራል። በመጠን ካየነው ድምፅ በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ የተለመደው የሞባይል ጥሪ በሰከንድ 12 ኪሎቢት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሜጋቢት» የሚል ማስታወቂያ ስለ ጥሪ ጥራት ምንም አይነግረንም ማለት ይቻላል።

4ጂ ሲሠራ ለዳታ ብቻ ነበር የታሰበው። ስንደውል ምልክቱ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ የሚወርደውም ለዚህ ነው፤ ስልኩ ለጥሪው ወደ አሮጌው ኔትዎርክ ይመለሳል። ቮልቲ የሚባለው አሠራር ጥሪውን እዚያው 4ጂ ላይ ያቆየዋል። ዋናው ነገር ደግሞ ኔትዎርኩ ለድምፅ የተለየ መስመር ይይዝለታል፦ የተረጋገጠ መጠን፣ ከሌላው ዳታ የቀደመ ተራ። መንገድ እንደሚለቀቅለት አምቡላንስ በሉት።

የኢሞ፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ጥሪ ግን ይህ መስመር የለውም። ለኔትዎርኩ ተራ ዳታ ነው፤ ከጎረቤታችን ዩቲዩብ ጋር እኩል ይሰለፋል። ማታ ሰው ሁሉ ዳታ ሲከፍት መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ቅር የሚለን። ውጭ ካሉ ቤተሰቦቻችን ጋር የምናወራው በዋናነት በአፕ ነው፤ ቮልቲ ቢስፋፋም ይህን አይፈታም። አፕ ላይ ያለውን ጥሪ የሚያድነው የተጨናነቀው ማማ አቅም መጨመሩ ነው። የትኛው ማማ እንደተጨናነቀ ደግሞ ሕዝብ ማወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትን የመቆጣጠር ሥራ አለበት። የምንፈልገው የአገር አማካይ አይደለም፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ በየሰፈሩ ያለውን መዘግየትና የጠፋ ዳታ መጠን ነው።

እስከዚያው ለአገር ውስጥ ጥሪ የስልካችሁን ሴቲንግ ገብታችሁ ቮልቲ መኖሩን እዩ። ኦፕሬተራችሁ ቢሰጥም ስልካችሁ ካልደገፈው አይሠራም፤ ከውጭ የመጡ አንዳንድ ስልኮች ላይ ምርጫው ጭራሽ አይታይም።