«ደንበኛ ላድርግሽ»

በልደታ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ጉልት ከዘረጉት ሴቶች አፍ የማይጠፋ ግብዣ አለ፦ «ነይ፣ ደንበኛ ላድርግሽ»። ግብዣውን የተቀበለች ገዢ ምን እንደምታገኝ ታውቃለች። ሽንኩርቱ ከተመዘነ በኋላ «መርቂልኝ» ስትል ሻጯ ሁለት ራስ ትጨምርላታለች። ብር ቢጎድላት «ነገ ታመጪዋለሽ» ትባላለች። የላሸቀ ቲማቲም ከሥር አይከተትባትም። እሷም በተራዋ ከጎን ያለው መደብ ትንሽ ቢረክስ ጥላ አትሄድም፤ ብትሄድ ታፍራለች።

ይህ ሁሉ በቃሉ ውስጥ አለ። ደንበኛ ከደንብ የወጣ ነው። «ደንበኛ ጠጅ» ስንል በወጉ የተጣለውን ማለታችን ነው፤ ደንበኛ ገዢም በወጉ የሚገዛ፣ በወጉ የሚሸጥለት ሰው ነው። እንግሊዞች «ከስተመር» የሚሉትም ልማድ ከሚለው ቃላቸው የተገኘ ነው፤ ከአንድ ሱቅ መግዛትን ልማዱ ያደረገ ሰው ማለት ነው። ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች እዚህ ላይ መገናኘታቸው ደስ ይለኛል።

«ገዢ» ግን ሌላ ነው። ሹም አገር ይገዛል፣ እናት ጨው ትገዛለች፤ ግሱ አንድ ነው። በግዕዝ ሤጠ ማለት ሸጠ፣ ተሣየጠ ማለት ገዛ ነውና መሸጥና መግዛት ከአንድ ሥር የበቀሉ ወንድማማቾች ነበሩ። በአማርኛ መሸጡ በዚያው ሥር ሲቀር መግዛቱ ከአገር ገዢው ጋር ስም ተጋራ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው መፈክር በየመደብሩ ግድግዳ ላይ የተመቸው። እኔ አልወደውም። ንጉሥ ይፈራል እንጂ አይመረቅለትም። ደንበኝነት የእኩዮች ውል ነው።

እዚያው ልደታ፣ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ የአንድ ሰው ስም በየደጃፉ ይለዋወጣል። አቤቱታውን ለሚያጽፈው ራፖር ጸሐፊ ደንበኛ ነው። የግቢውን በር ሲያልፍ ባለጉዳይ ይሆናል። ጠበቃው ችሎት ፊት ቆሞ «ደንበኛዬ» ይለዋል። ጠበቃ የሚለው ስም ራሱ ከመጠበቅ የመጣ ነው፤ በጥንቷ ሮም «ክሊየንስ» የሚባለውም በአንድ ባለሥልጣን ጥላ ሥር የሚኖር ጥገኛ ነበር፤ የዛሬው «ክላየንት» ከእርሱ ወረደ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በበኩላቸው «ተገልጋይ» ማለትን መርጠዋል። ጥሩ ቃል ነው፤ ማዶ ያለው «አገልጋይ» መሆኑን ስለሚያስታውስ። ሠራተኛው ግን ስሙን ሲሰማ ያንን ያስባል ለማለት አልደፍርም።

ሸማች የሚለው ደግሞ ትልቅ ጉዞ ተጉዟል። ድሮ ሸመታ በዋናነት የእህል ነበር፤ ጎተራው የጎደለበት ሰው ገበያ ወጥቶ ይሸምታል። ዛሬ በአዲስ አበባ «ሸማቾች ዘይት ገባ» ስንባባል ገዢዎቹን ሳይሆን የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሱቅ ማለታችን ነው። በሕግ ቋንቋ ደግሞ ቃሉ ጠባብ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። የጉልቷ ሴት ሽንኩርት ከጅምላ ሻጭ ለችርቻሮ ስትረከብ ገዢ ናት እንጂ ሸማች አይደለችም፤ ማታ ለልጆቿ ዘይት ስትገዛ ሸማች ትሆናለች። አዋጁ ለሸማቹ ብዙ መብት ሰጥቶታል፦ ስለ ዕቃው ትክክለኛ መረጃ ማግኘት፣ መምረጥ፣ በትህትናና በአክብሮት መስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ መጠበቅ። ዕቃውን አገላብጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም።

ሕግ የማይሰጠው ደንበኝነትን ነው። የልደታ አሮጌ መንደር በ2002 ዓ.ም. ገደማ ፈርሶ ነዋሪው ሲበተን ባለሱቆች ያጡት ሱቃቸውን ብቻ አልነበረም። በዱቤ ደብተሩ ላይ ስሙ የሰፈረ፣ ልጁን በእጁ ገንዘብ ሳያስይዝ ለስኳር የሚልክ ጎረቤትም አብሮ ሄደ። እንዲህ ያለው መተማመን ቤት ሲሠራ አብሮ አይሠራም፤ በዓመታት ነው የሚገኘው። ስለዚህ ስልኬ ላይ «ውድ ደንበኛችን» የሚል መልእክት በገባ ቁጥር ቅር ይለኛል። ላኪው አያውቀኝም፣ ምራቂም የለውም፤ ቅሬታ ይዤ ብሄድ ከመስኮት መስኮት ያመላልሰኛል። በጉልቷ ሴት ዘንድ በዓመታት የሚገኝ ስም እዚህ በነፃ ይታደላል።

ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች፣ ደንበኛ ካላችሁን ደንቡንም ጠብቁ፤ ቅሬታችንን ተቀምጦ የሚሰማ ሰው መድቡልን። እናንተም አንባቢዎች፣ ዋጋ ጠይቃችሁ ሳትገዙ ስለወጣችሁ የሚሳደብ ነጋዴ ቢገጥማችሁ አንገታችሁን አትድፉ፤ አዋጁ ከእናንተ ጋር ነው።